ከመሪው ሥር የተቀመጠው ጆሮ ጠቢ

እናቴ ስም ያወጣችለት ከአዲስ አበባ በመጣች በሦስተኛው ቀን ነው። ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነስተን በሩት 7 መንገድ ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ እየሄድን ነበር፣ ለበርበሬና ለእንጀራ። ፊት ለፊቴ የነበረው መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ አለ። ፍሬን ረገጥኩ። ከመሪው ሥር «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ኢንሹራንሶች የሰጡኝ ዕቃ ነው እማዬ። ፍሬን በኃይል ስይዝ ይመዘግባል።»

«መዝግቦስ?»

«ይልክላቸዋል።»

ትንሽ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ እግሬ አካባቢ አየችና «ጆሮ ጠቢ ነዋ!» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ጆሮ ጠቢው ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ሳይቀር «ጆሮ ጠቢሽ ደህና ነው?» ይለኝ ጀመር። እኔም ሳቅኩ። እናቴ ግን ያን ያህል አልሳቀችም። እሷ በደርግ ዘመን የጎለመሰች ሴት ናት። ሰው ስለ ጎረቤቱ እንኳ ለማውራት ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርግበትን ጊዜ ኖራበታለች። ጆሮ ጠቢ ማለት ለእሷ የሚታወቅ ሰው ነው፣ ፊት ያለው፣ ቡና የሚጠጣ፣ ሰላምታ የሚሰጥ። ስለዚህ መኪና ውስጥ ስትገባ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ጀመረች። «እማዬ፣ ድምፅ አይሰማም እኮ። ፍሬንና ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው» እላታለሁ። «ያኔም እንደዚያ ነበር የሚባለው» ትለኛለች።

ነገሩ የሆነው በ2017 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛው እቆጥራለሁ፣ እሱን ለመቀየር ጭንቅላቴ እምቢ ብሏል።)

ዕቃውን ለምን ተቀበልኩት? ቅናሽ ፈልጌ ነው፣ መልሱ ይኸው ነው። ግን ከዚያ በፊት የነበረ አንድ ቂም አለ።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ በ2009 ነው። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ሜክሲኮ አደባባይን፣ መገናኛን፣ መርካቶን ነድቻለሁ። መርካቶ የነዳ ሰው ምን ያህል ሹፌር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ቨርጂኒያ መጥቼ የመጀመሪያዋን አሮጌ ኮሮላ ስገዛ የኢንሹራንሱ ዋጋ ከመኪናዋ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ሻጩ ሐበሻ ነበር፣ ደግ ሰው። «እህቴ፣ እዚህ አገር ገና ዛሬ ነው የተወለድሽው» አለኝ። የመንጃ ፈቃዴ ዕድሜ አይቆጠርም። ያ ይገባኛል፣ እሺ። ሁለተኛውን ምክንያት ሲነግረኝ ግን ማመን አቃተኝ። «ክሬዲት የለሽም።»

ክሬዲትና ፍሬን ምን አገናኛቸው?

ያገናኛቸዋል፣ ይላሉ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የኢንሹራንስ ድርጅቶች የብድር ታሪክን አይተው ዋጋ ያወጣሉ። ዕዳውን በጊዜው የሚከፍል ሰው ካሳ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፣ የሚል የራሳቸው ስሌት አላቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ማሳቹሴትስ ይህን ለመኪና ኢንሹራንስ ከልክለዋል። ካሊፎርኒያ እንዲያውም በ1988 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ ዋጋ በዋነኛነት በሦስት ነገር እንዲወሰን አድርጋለች፦ የመንዳት ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳው ማይል፣ ስንት ዓመት እንደነዳህ። ቨርጂኒያ ካሊፎርኒያ አይደለችም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ካርድ የሚባል ነገር ይዤ አላውቅም ነበር። አባቴ «ብድር የሌለበት ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል» እያለ ነው ያሳደገን። እዚህ ሲመጣ ይህ ቀና ብሎ መሄድ ገንዘብ ያስከፍላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሦስተኛ ወገን መድን ስትገባ ማንም ስለ ባንክ ደብተርህ አይጠይቅህም። መኪናው ምን ዓይነት ነው፣ ለምን አገልግሎት ይውላል፣ ታርጋው ስንት ነው፣ በቃ። ጥሩ ሹፌርና መጥፎ ሹፌር ለአንድ ዓይነት መኪና እኩል ሊከፍሉ ይችላሉ ማለት ነው። እሱም ፍትሕ ነው አልልም።

ለዚህ ነው ከስምንት ዓመት በኋላ ኢንሹራንሴን ላድስ ስደውል በስልክ ያለችው ልጅ «ትንሽ ዕቃ እንላክልዎት፣ መኪናዎ ላይ ይሰኩት፣ ስድስት ወር ይንዱ፣ ጥሩ ከነዱ እስከ 30 በመቶ ይቀነስልዎታል» ስትለኝ ደስ ያለኝ። እስከ የምትለዋን ቃል በደንብ አልሰማኋትም። እኔ የሰማሁት በመጨረሻ አንድ ሰው ስነዳ ሊያየኝ ነው የሚለውን ነው። ክሬዲቴን ሳይሆን እኔን። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ድረስ ኤንትሬ የነዳ ሰው። ጣርማበርን ሲወርድ በማርሽ እንጂ በፍሬን አይዝም ነበር። «ፍሬን የሚያበዛ ሹፌር አሻግሮ የማያይ ነው» ይል ነበር። የሱ ልጅ በፍሬን ፈተና ትወድቃለች? አይመስለኝም ነበር።

ዕቃው በፖስታ መጣ። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ተለቅ ይላል። ከመሪው በታች፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ሁሉም መኪና ላይ አንድ ሶኬት አለ። አሥራ ስድስት ቀዳዳዎች አሉት። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ይህ ሶኬት እንዲኖረው ተገድዷል። የተገደደው ለኢንሹራንስ ብሎ አይደለም፣ ለጭስ ብሎ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ሰዎች መኪናው ራሱ ጭሱን ይቆጣጠር፣ ሲበላሽ ይናገር ብለው ያመጡት ሐሳብ ነበር። መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የሞተሩን በሽታ የሚያነበው በዚያ ነው። ግን ሞተሩ ከሚናገረው መሃል ፍጥነት አለ። ፍጥነትን በየሰከንዱ ካገኘህ ፍሬንንም አገኘህ። ሞተር መቼ እንደተነሳ ካወቅህ ሰዓቱንም አወቅህ። ለጭስ የተበሳ ቀዳዳ ለሌላ ሥራ ዋለ።

ሐሳቡ የድርጅቶቹ አዲስ ፈጠራም አልነበረም። ፕሮግረሲቭ የሚባለው ትልቅ ድርጅት በ1998 ሂውስተን ላይ በሳተላይት ሞክሮት ነበር። መሣሪያው ውድ ስለነበር አልዘለቀም። በ2004 ሚኒሶታ ላይ በዚሁ በሶኬቱ በኩል እንደገና ጀመረ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ2011 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሴትና ወንድ በጾታቸው ምክንያት የተለያየ ዋጋ አይከፍሉም ብሎ ፈረደ። ውሳኔው በ2012 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል የወጣት ሴቶች ዋጋ ሊንር ሆነ፣ ዋጋ ለማስቀነስ አነዳድ የሚመዘግብ ጥቁር ሳጥን መኪና ውስጥ ማስገባትም ይበልጥ ተለመደ። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ለልጇ አስገብታለታለች። «የምቆጣው እኔ ሳልሆን ሳጥኑ ነው፣ ተገላገልኩ» ትላለች።

አንድ ነገር ልመስክርለት። የመጀመሪያው ወር ላይ በደንብ ነድቻለሁ። ከፊቴ ካለው መኪና መራቅ ጀመርኩ። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሩቅ ቀይ ሳይ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ። እናቴ ሳታውቀው «አሁን ልክ እንደ አባትሽ ነዳሽ» ብላኛለች። ያቺን ቃል በ30 በመቶም አልለውጣትም።

ችግሩ የጀመረው ጢጥ የሚለውን ድምፅ መፍራት ስጀምር ነው።

ፕሮግረሲቭ ለምሳሌ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ፍጥነትህ በሰዓት 7 ማይል ከቀነሰ በኃይል ፍሬን ያዝክ ብሎ ይቆጥር ነበር። በእኛ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ብዙ አይደለም። የእኔም ድርጅት ዕቃ ከዚያ የሚርቅ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት አካባቢ ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅን ለማዳን ብትይዝም ይጮሃል፣ ስልክ እያየህ ቆይተህ ብትይዝም ይጮሃል። ጩኸቱ አንድ ነው። በማግስቱ ድረ ገጹ ላይ ትገባለህ፣ የቀኑ ጉዞህ እንደ ልብ ምት ወረቀት ተስሎ ታየዋለህ፣ ቀይ ነጥብ ተቀምጦበታል። ልጁ እዚያ ላይ የለም።

አንድ ቀን ኪንግ ስትሪት ላይ መብራቱ ቢጫ ሆነ። ለመቆም ቦታ ነበረኝ። ግን በኃይል መያዝ ነበረብኝ። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ያሰብኩት ስለ መብራቱ አልነበረም፣ ስለ ጢጥታው ነበር። ነዳጅ ሰጠሁ። መሃል ስደርስ ቀይ ሆነ። በግራ በኩል ብስክሌት የያዘ ሰው ሊገባ እግሩን አንስቶ ነበር። አየኝና ቆመ። ምንም አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። ቤት ደርሼ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ድረ ገጹን ከፈትኩ። በዚያ ቀን አንድም ቀይ ነጥብ የለም። ለመሣሪያው ያ ንጹሕ ቀን ነበር።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። እኔን ያስመረረኝ እሱ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እነዚህ ዕቃዎች ሰዓት ይቆጥራሉ ብያለሁ። ከሁሉም አደገኛ ተብሎ የሚቆጠረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ምክንያት አላቸው። በሌሊት ሰው ይደክማል፣ በሌሊት ጠጥቶ የሚነዳው ይበዛል። እውነት ነው። እኔ የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ነው። ጠጥቶ የተጋጨውን ሰው ደም የምመረምረው እኔ ነኝ። ያ ሰውዬ በሌሊት ነው የሚነዳው። እኔም ከሱ ደም ተነስቼ ወደ ቤቴ የምነዳው በዚያው ሌሊት ነው። መሣሪያው ሁለታችንንም በአንድ መዝገብ ይጽፈናል።

ሺፍቴ ምሽት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚያልቀው። ለተረኛዋ እስካስረክብ፣ ፓርኪንጉ እስክደርስ 15 ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ የ14ኛው ስትሪት ድልድይ፣ ከዚያ 395 ሀይዌይ፣ ከዚያ ቤት። ግማሽ ሰዓት። ሂሳቡን ሥሩት። በየቀኑ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚሆነው እኔ መንገድ ላይ እያለሁ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ያለችው እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች።

ታዲያ ምን አደረግኩ? መሮጥ ጀመርኩ። ሊፍት መጠበቅ ትቼ በደረጃ ወረድኩ። ድልድዩ ላይ ስወጣ የመኪናዋን ሰዓት አየሁ። 5:52። 395 ላይ ባዶ መንገድ አለ፣ እግሬ ከበደ። ዕቃው ጂፒኤስ ስለሌለው መንገዱ ላይ የተለጠፈው ወሰን ስንት እንደሆነ አያውቅም። 6 ሰዓት ሳይሞላ ቤት የገባሁበት ቀን እንደ ሎተሪ ደስ ይለኝ ነበር። በጥንቃቄ እንድነዳ የተሰጠኝ ዕቃ በሕይወቴ ነድቼ በማላውቀው ፍጥነት አስነዳኝ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለው ሐበሻ ስንቱ ነው ማታ የሚሠራው? የፓርኪንጉ ሠራተኛ፣ የኤርፖርቱ፣ የሆቴሉ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዋ፣ የታክሲው። የቢሮ ሥራ ያለው ሰው በ12 ሰዓት ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ ተኝቶ ጥሩ ሹፌር ይባላል። የእኛ ሰው ደግሞ ገና ሲነሳ አደገኛ ነው። ስለ ክሬዲት የተማረርኩት ነገር በሌላ በር ተመልሶ መጣ። አሁን የሚታየው መንዳቴ ነው ብዬ ነበር። የሚታየው ግን ሥራዬ ነው።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዋለ፣ ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን። እናቴ ገና አልተመለሰችም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ወጣን። ፓርኪንጉ ሞልቶ፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ሕፃናት ትከሻ ላይ ተኝተው፣ ሁሉም ወደ ዶሮው እየቸኮለ። ምናልባት 300 መኪና በአንድ በር ሊወጣ ይጋፋል። ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ። ጢጥ! እናቴ «በትንሣኤ ሌሊት እንኳ አያርፍም?» አለች። በማግስቱ ሳየው 41 ደቂቃ በአደገኛው ሰዓት ተመዝግቦብኛል። እስከዚያ ከተጠነቀቅኩት ሁሉ ያቺ አንዲት ሌሊት ጎልታ ትታያለች። ለማን ነው የሚነገረው? የስልኳ ልጅ ማኅሌት ምን እንደሆነ ብነግራት የት ትጽፈዋለች? ለዚያ የሚሆን ሳጥን የላትም።

አንድ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ልጨምር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ መኪናህን ለጭስ ምርመራ ትወስዳለህ። መርማሪው የሚሰካው የት ይመስላችኋል? እዚያው ሶኬት ላይ። ጆሮ ጠቢውን ነቀለና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። እኔ ረስቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ኢሜይል ደረሰኝ፣ መሣሪያዎ ተነቅሏል፣ እባክዎ መልሰው ይሰኩ፣ አለበለዚያ ቅናሹ ሊቀር ይችላል። ሶኬቱ ለተሠራበት ሥራ አንድ ጊዜ ቢውል ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ስድስት ወሩ አለቀ። የቅናሹ ደብዳቤ መጣ። 6 በመቶ። በስድስት ወር የምከፍለው 900 ዶላር ነበር፣ ስለዚህ 54 ዶላር ተቀነሰልኝ። በወር 9 ዶላር።

እናቴ አዲስ አበባ ተመልሳ ነበር። በስልክ ነገርኳት። «ዘጠኝ ብር?» አለች። «ዶላር ነው እማዬ።» «ይሁን። የድሮው ጆሮ ጠቢ ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። አንቺ ግን ራስሽ ተሸክመሽው ዞርሽ፣ ያውም በዘጠኝ ብር።» ሳቀች። ይህን ጊዜ እውነተኛ ሳቅ ነው የሳቀችው።

ልክ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ከእኔ የተሻለ ያገኛል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ፣ ትንሽ የሚነዳ፣ ከተማ መሃል የማይገባ ሰው ጥሩ ቅናሽ ያገኛል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ በዓመት 200 ዶላር አተረፍኩ ብሎኛል፣ በቀን ሺፍት ነው የሚሠራው። ዋጋ የሚጨመርበትም አለ። በመጀመሪያ ላይ ቢበዛ ቅናሹን ታጣለህ እንጂ አይጨመርብህም ይባል ነበር። አሁን ፕሮግረሲቭ ራሱ ከአሥር ሹፌር የሁለቱ ያህል ዋጋ ከፍ እንደሚል በግልጽ ይናገራል። ብትገቡ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሊጨመርብኝ ይችላል ወይ? ሌሊት ይቆጠራል ወይ? መረጃውን ሌላ ማን ያየዋል? እኔ ሦስቱንም አልጠየቅኩም ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆይቼ ነው የነቃሁት። ዕቃው ጂፒኤስ የለውም፣ የት እንደምሄድ አያውቅም ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። በ2014 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ፍጥነትና የመነሻ ቦታ ብቻ ካለ መድረሻን በአንዳንድ ጉዞ ላይ ተቀራርቦ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ነው። መቼ ቆምክ፣ ስንት ሰከንድ ሄድክ፣ ለመዞር መቼ ፍጥነት ቀነስክ፣ ካርታው ላይ የሚገጥመው መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። በዓመቱ ደግሞ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ዕቃ የተሰካበትን ኮርቬት መኪና በስልክ አጭር መልእክት ብቻ አዘዙት። የዝናብ መጥረጊያውን አንቀሳቀሱ። ፍሬኑን አስያዙት፣ ቀጥለውም በዝግታ እየሄደ ሳለ ፍሬኑ እንዳይሠራ አደረጉ። አምራቹ ቀዳዳውን ደፍኖታል ተብሏል። እኔ ግን ያንን ሳነብ ቅዳሜ ጠዋት በሌሊት ልብሴ ወጥቼ ዕቃውን ነቀልኩት። የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ወረወርኩት። ድርጅቱ መልሱልን ብሎ ሲጽፍልኝ ነው የላክሁት።

ወንድሜ እኔን እየሳቀብኝ ስልኩ ላይ የኢንሹራንሱን መተግበሪያ ጫነ። አሁን ዕቃ የለም፣ ስልኩ ራሱ ነው ጆሮ ጠቢው። ስልክህን ስታነሳ፣ ስትነካካ፣ ያውቃል። የማያውቀው ማን እንደሚነዳ ነው። ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ነው የሚያሽከረክሩት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቲክቶክ ሲያይ «እየነዱ ስልክ ነክተዋል» ይለዋል። ከዚያ እየገባ «ተሳፋሪ ነበርኩ» ብሎ ማረም ይኖርበታል። «በራሴ ላይ መስክሬ፣ ራሴ ጠበቃ ቆሜ» ይላል።

በመጋቢት 2024 ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ዘገባ አወጣ። የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ከሶኬትም ከስልክም ውጪ፣ በራሳቸው መገናኛ፣ የሹፌሩን አነዳድ ሌክሲስኔክሲስና ቬሪስክ ለሚባሉ የመረጃ ነጋዴዎች ያስተላልፉ ነበር። እነሱ ደግሞ ለኢንሹራንስ። ቦልት የምትባለው የዚሁ ድርጅት መኪና ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ፋይል ሲጠይቅ 258 ገጽ መጣለት። በስድስት ወር ውስጥ እሱና ሚስቱ የሄዱት 640 ጉዞ ተዘርዝሯል፣ መቼ ተነሱ፣ መቼ ደረሱ፣ ስንቴ በኃይል ፍሬን ያዙ። ቅናሽ የሰጠው የለም። እሱ የሰማው ዋጋው በ21 በመቶ መጨመሩን ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከዘገባው በኋላ ማስተላለፉን አቆመ። በጥር 2025 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለአምስት ዓመት እንዲህ ያለ መረጃ ለእነዚያ ድርጅቶች እንዳይሰጥ የሚከለክል እርምጃ አመጣበት። በዚያው ወር የቴክሳስ ዐቃቤ ሕግ ኦልስቴት የሚባለውን የኢንሹራንስ ድርጅት ከሰሰ፣ ሌላ ሥራ በሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ መከታተያ አስገብቶ የሰዉን እንቅስቃሴ ሰብስቧል ብሎ። ይህኛው ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ክሱ ላይ ከተጠቀሱት መተግበሪያዎች አንዱ ላይፍ360 ነው። ስንቶቻችን ነን ልጆቻችን የት እንደዋሉ ለማየት እሱን የጫንን?

እኔም ፋይሌን ጠየቅኩ። በነጻ ነው፣ ለሌክሲስኔክሲስ መጠየቅ ማንም ይችላል፣ የሚልኩልህ በሕግ ተገደው ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ መጣ። የእኔ ቀጭን ነው። የቆዩ አድራሻዎቼ፣ አንድ የተሳሳተ የስሜ አጻጻፍ፣ በ2019 የተሰበረ መስታወቴ። የጆሮ ጠቢው ወሬ አልነበረበትም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በዚህ ደስ በማለቴ ተገረምኩ።

እንዲያውም አሁን የመጀመሪያው ዕቃ ይናፍቀኛል ብል ታምኑኛላችሁ? ያ ዕቃ ይታይ ነበር። ይጮህ ነበር። ሲመዘግብ መዘገብኩ ይልሃል። ሲያስጠላህ ነቅለህ መሳቢያ ውስጥ ትጥለዋለህ። የክሬዲቱ ሥራ ግን ድምፅ የለውም፣ የመረጃ ነጋዴዎቹም እንዲሁ።

ባለፈው ዓመት መኪና ቀየርኩ። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ስክሪን አዙሮ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» እያለ በጣቴ አስፈረመኝ። ለዓመታት ስማር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቆም ብዬ አነብባለሁ ብዬ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደከመኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ልጁም ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ቤት ከገባሁ በኋላ የመኪናውን መተግበሪያ ከፍቼ የመረጃ መስጠቱን ነገር ፈለግኩት። አራት ገጽ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አጠፋሁት። ጠፋ ብሎኛል።

እናቴ በመስከረም እንደገና መጣች። ዱለስ ኤርፖርት ተቀብያት ሻንጣዋን ጫንኩ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀበቶ ከማሰሯ በፊት ጎንበስ ብላ ከመሪው ሥር በእጇ ዳሰሰች።

«የታል?»

«ምኑ?»

«ጆሮ ጠቢው።»

«የለም እማዬ። አሁን መኪናው ራሱ ነው።»

እጇን መለሰች። ዳሽቦርዱን አየችው፣ ስክሪኑን፣ ከላይ ያለችውን ትንሽዬ መብራት። ስለ አጎቴ ቦታ ጉዳይ የምትነግረኝ ነገር እንዳለ በስልክ ነግራኝ ነበር። ረጅም ወሬ ነው፣ ጠበቃም አለበት። ሀይዌዩ ላይ እስክንወጣ ምንም አላለችም። ከዚያ ወደ ሬዲዮኑ በአገጯ ጠቆመችኝ።

«እስቲ መዝሙሩን ከፍ አድርጊው» አለች፣ ወደ እኔም ጠጋ አለች።